አንድ ቦክስ ብቻ

እኔ የእንግሊዝኛ መምህርት ነኝ፤ ጠባዬም ሸጋ አይደለም። ተማሪዎቼ ከኋላዬ ምን ብለው እንደሚጠሩኝ አውቃለሁ፤ እዚህ ብጽፈው ግን ወረቀቱን ለልጆቻችሁ ማስነበብ ታፍራላችሁ። ጎንደር ውስጥ ጠመኔ የያዝሁ ጊዜ ፀጉሬ ጥቁር ነበር፤ ዛሬ ሻሽ እወዳለሁ። አንድ ነገር ሲያናድደኝ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም፤ ይኸንንም የምጽፈው ተናድጄ ነው። ያናደደኝ ደግሞ ቃል ነው። ቦክስ የሚሉት ቃል።

ፒያሳ ላይ ሁለት ባጃጅ ነጂዎች በተሳፋሪ ተጣልተው ሲያያዙ ቆማችሁ ብታዩ፣ የሚሰነዛዘሩት ሁሉ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። ካልቾና ቴስታ የጣልያን ናቸው፤ ሰውዬው መንገድና ሲኒማ ቤት ብቻ ሳይሆን በእግርና በግንባር መማታትንም አስተምሮን ነው የሄደ። ቦክስ ደግሞ የእንግሊዝ ነው። የራሳችን ጠፍቶ መሰላችሁ? ጥፊ አለ፣ ጡጫ አለ፣ ኩርኩም አለ፣ እርግጫ አለ፣ ዱላውንማ ተዉት። በዚህ በዚህ እንኳ ችግር የለብንም፤ ግን ብድር እንወዳለን።

አንድ ቀን የማስተምርበት መጽሐፍ ላይ የሳጥን ሥዕል መጣ። «ቦክስ ማለት ሳጥን ነው» ብዬ ሰሌዳው ላይ ስጽፍ ከኋላ ወንበር አንዱ ጎረምሳ ተነሣና፣ «ቲቸር፣ ታዲያ ትናንት ይኼ ልጅ አፍንጫዬን ያደማው በሳጥን ነው እንዴ?» አለ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እኔም አብሬ ስቄ፣ ሁለቱ ለየብቻ ዘር ያላቸው ቃሎች ናቸው፣ መልካቸው ብቻ ነው አንድ ብዬ አስረዳው ነበር። ያን ቀን ግን ልጁን ከክፍል አስወጣሁት። ወንድሜ ከእስር ቤት ከወጣ ገና ሳምንቱ ነበር፤ የገባውም በአንድ ቦክስ ነው።

ከሰዓት በኋላ ቤቴ ገብቼ ትልቁን መዝገበ ቃላት ከመደርደሪያው አወረድሁ። ሳጥን የሆነው ቦክስ ታሪኩ ሲያምር! መነሻው ዛፍ ነው ይላል፤ እንጨቱ ጠጣር፣ ቅጠሉ ደቃቅ የሆነ ዛፍ። ግሪኮች ከዚያ እንጨት ሙዳይ ጠርበው ቅባት ያኖሩበት ነበር፤ ሙዳዩንም በዛፉ ስም ጠሩት። ሮማውያን ከግሪክ ወሰዱ፣ እንግሊዞች ከሮማውያን። ከዚያ ወዲያ ማን ያቁመው? የቴያትር ቤቱ የባለጠጋ መቀመጫ ቦክስ፣ ቴሌቪዥኑ ቦክስ፣ ኳስ ሜዳው ላይ በረኛው የሚጠብቃት ክልል ቦክስ፣ በመጨረሻም ሰው የሚቀበርበት ሳጥን ቦክስ። የባላገር ሽማግሌ ሰባት ቤት ድረስ ዘር እንደሚቆጥር፣ መዝገበ ቃላቱም ልጅ፣ የልጅ ልጅ እያለ ቆጠረልኝ።

ወደ ቡጢው ስሄድ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ድሮ ማንኛውም ምት ነበር ይላል፣ ኋላ ጆሮ ግንድ ላይ የሚያርፍ ጥፊ ሆነ፣ ከዚያም የጭብጥ እጅ ምት፣ ከዚያም ጓንት ተጠልቆለት ስፖርት። መነሻውስ? «አይታወቅም» ይላል። በቃ! የሳጥኑን ዘር እስከ ዛፉ ድረስ ወጥተው የቆጠሩ ሊቃውንት ቡጢው ጋ ሲደርሱ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። ምነው? መጽሐፉን ዘግቼ አልጋው ላይ ወረወርሁት። እኔ ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ። ማክሰኝት የከብት ገበያ መሃል ቆሜ ሲመጣ አይቸዋለሁ።

ወንድሜ የኔ ታናሽ ነው። አባታችን በሕፃንነታችን ሞተ፤ እናታችን ጠላ እየሸጠች አሳደገችን፤ እሷ ስትሞት ደግሞ እሱን የማሳደጉ ነገር እኔ ላይ ወደቀ። አይሱዙ ይነዳ ነበር፤ ከማክሰኝት ከብት ይጭናል። በዚያ በገበያ ቀን ለፋሲካ በግ ልገዛ አብሬው ጋቢና ተሳፍሬ ሄድሁ። ወንድሜ መኪናውን ወደ ኋላ ሲያስጠጋ የጭነቱ ጥግ አንድ በሬ መታ። በሬው በጉልበቱ ወደቀ፤ ሲነሣ አንዱ ቀንዱ ከሥሩ ተሰብሮ ተንጠልጥሏል፤ ደሙ በዓይኑ ላይ ይወርዳል።

ባለቤቱ ከኮሶዬ የመጣ ረጅም ጎልማሳ ነበር። «ዓይንህ የት ነው አንተ!» አለ። ወንድሜም፣ «በሬህን መንገድ ላይ እሰር ያለህ ማን ነው?» አለ። ሰው ገባ፣ ገላገለ፣ «ተው እንጂ፣ ለፋሲካ እንዲህ አይባልም» ተባለ፤ የበሬው ነገርም ወደ ሽማግሌ ሊሄድ ሆነ። ወንድሜ ፊቱን አዙሮ የመኪናውን በር ያዘ። እኔም እፎይ ብዬ ነበር። ያን ጊዜ ሰውዬው ከኋላው፣ «ሂድ፣ የሴት ልጅ!» አለው።

አገሩን ለማያውቅ ልንገር። የሴት ልጅ ማለት አባት ያልቀጣው፣ ወንድ ያላሳደገው፣ ወግ የማያውቅ ማለት ነው። እኔ ሴት ነኝና ስድቡ በእኛ ላይ እንጂ በእሱ ላይ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ እናታችን ከስንትና ስንት ወንድ የምትበልጥ ሴት ነበረች። ግን አውቄስ? ደሜ ሽቅብ ሲወጣ ተሰማኝ። ምላሴ ላይ ስድብ መጥቶ ሳይወጣ የወንድሜ እጅ ከበሩ ላይ ተነሣ። ዞሮ አገጩን አለው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሰውዬው እንደ ቆመ ወደ ኋላ ሄደና ማጅራቱ ከብት መጫኛው ድንጋይ ጠርዝ ላይ አረፈ።

ድምፁን መጻፍ አልችልም። ከጆሮው ደም ወጣ፤ እግሩ አፈሩን ትንሽ ጫረና ተወ። ከዚያ ገበያው በሙሉ ወንድሜ ላይ ወደቀ። በዱላ፣ በድንጋይ፣ በከብት መጎተቻ ገመድ። ነጠላዬን ገልጬ ላዩ ላይ ተጋደምሁ፤ «ስለ እመቤቴ!» እያልሁ ጮኽሁ፤ የመጀመሪያውን ዱላ በትከሻዬ፣ ሁለተኛውን በወገቤ ቻልሁት። ፖሊስ ባይደርስ ሁለታችንንም ቀጥቅጠው ይጨርሱን ነበር፤ እውነቱን ለመናገር አልፈርድባቸውም። ሰውዬው ጎንደር ሐኪም ቤት ሳይደርስ መንገድ ላይ አረፈ።

ወንድሜ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚናገር። ፖሊስ ጣቢያ፣ ፍርድ ቤት፣ እስር ቤት ስንቅ ሳደርስለት። «አንድ ቦክስ እኮ ነው፣ እታለም። አንድ ቦክስ ብቻ። የገደለው ድንጋዩ ነው።» እኔም መጀመሪያ መጀመሪያ እውነት ነው እል ነበር። ኋላ ግን ሰለቸኝ፤ ከዚያም አስጠላኝ። ሰው ሙቶ ሳለ ቃል እየመረጠ ይደበቃል።

መንግሥት ፈረደ፣ ወንድሜ ታሰረ፣ ጨርሶም ወጣ። ደሙ ግን የትም አልሄደም። የሟች ታናሽ ወንድም አለ፤ ኮሶዬ ውስጥ ገበሬ ነው፣ ጠመንጃ አለው። በለቅሶው ላይ አንዲት አልቃሽ ይኸን ሙሾ አወረደች ሲባል ሰማን፦

ወንድምህ መሬት ሆድ ብቻውን ሲፈርስ፣
ጠመንጃህ ከግድግዳ ዝገት ይልበስ?

እንዲህ ተብሎ ዝም የሚል ወንድ በእኛ አገር የለም። ዝም ቢልም ሚስት የሚሰጠው፣ እድር ላይ አጠገቡ የሚቀመጥ አያገኝም። ስለዚህ ወንድሜ እንደ ወጣ፣ «ወደ ደባርቅ መስመር እንዳትነዳ፤ በማርያም ይዠሃለሁ» አልሁት። እሱ ምኑ ሰሚ ነው! በሁለተኛው ወር የባሕር ዛፍ አጠና ጭኖ በኮሶዬ በኩል ሲመለስ መታጠፊያው ላይ ተተኮሰበት። ጥይቱ የፊቱን መስታወት በስቶ ከጆሮው አጠገብ አለፈ።

መኪናውን እየነዳ ደጄ ድረስ መጣ። ፊቱ ሁሉ ስባሪ መስታወት ነው። በረንዳ ላይ አስቀምጨ በወረንጦ አንድ በአንድ ለቀምሁለት፤ ደሙ በእጄ ላይ እየወረደ ነው። «ሳተኝ» አለ እየሳቀ። «ሌላ ጊዜ አይስትም። ሽማግሌ እንላክ፤ ድንጋይ ተሸከምና ማሩኝ በል» አልሁት። «ምን ብዬ? ሰው ገደልሁ ልበል? አንድ ቦክስ እኮ ነው...» ሳይጨርስ በጥፊ አጮልሁት። መስታወቱ መዳፌን ቆረጠኝ። እንዲያም ሆኖ ደገምሁት። «ያ ልጅ የሚገድለው አንተን ነው፣ የምቀብርህ ግን እኔ ነኝ! እናቴን ቀብሬአለሁ፤ አንተን አልቀብርም! ሰማህ?» አልሁና አለቀስሁ። ሳለቅስ አይቶ አያውቅምና ደነገጠ። «እሽ፣ ላኪ» አለ።

ሽማግሌው ከሁለቱም ወገን በጋብቻ የሚዛመዱ፣ ጥርሳቸው ያለቀ፣ ቃላቸው የማያልቅ አዛውንት ናቸው። ከሁለት ቄሶች ጋር ሄዱ። መጀመሪያ ውሻ ተለቀቀባቸው። ሁለተኛ ድንጋይ ተወረወረባቸው፤ አንዱ ቄስ ቅንድባቸው ተፈነከተ። በሦስተኛው መስቀል ይዘው ሄደው ደጅ ላይ ተቀምጠው ዋሉ፤ የሟች እናት ወጥተው፣ «ይምጣና ከአፉ ልስማው» አሉ። ሽማግሌው ይኸን ይዘው ሲመጡ ወንድሜን ብቻውን ይዘው መከሩት። «ስማ ልጄ፣ እዚያ ስትደርስ በሬ፣ ቀንድ፣ ቦክስ ምናምን እንዳትል። ገደልሁ፣ ማሩኝ በል፤ ሌላ ቃል ካወጣህ እኔም የለሁበትም።» ወንድሜም፣ «እሽ አያ» አለ። ሦስቴ እሽ አለ።

የእርቁ ቀን ኮሶዬ ላይ ጉም ወርዶ ነበር። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ባለው ሜዳ ላይ የሟች ወገኖች በአንድ በኩል፣ እኛ በሌላ በኩል ተቀመጥን። ሕጉ ጠመንጃ ሁሉ ለሽማግሌ ይሰጥ ይላል፤ የሟች ወንድም ግን አልሰጠም። ትከሻው ላይ እንዳንጠለጠለ ቆመ። ማንም አልተናገረውም፤ እኔ ልናገር ስል አንዱ የእኛ ሰው ነጠላዬን ይዞ ጎተተኝ። እናትየው ፀጉራቸውን ተላጭተው፣ ጥቁር ለብሰው፣ በዱላቸው ተደግፈው ተቀምጠዋል። የጠበቅሁት ትልቅ የተቆጣ ሰው ነበር፤ ያየኋቸው አንዲት ደቃቃ ሴት ናቸው።

ወንድሜ ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ በሁለት እጁ ይዞ ጎንበስ ብሎ መጣ። መሃል ሜዳ ሲደርስ ተንበረከከ። ሽማግሌው፣ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ተናገር ልጄ» አሉት።

ድንጋዩን አጥብቆ ያዘ። ከዚያ አፉን ከፈተና፣ «በሬው መንገድ ላይ ነበር... ቀንዱ ተሰበረ... ኋላ ሰደበኝ። እኔም አንድ ቦክስ...»

«ወይኔ!» አልሁ ጮኼ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ። የሟች ወንድም እጁን ወደ ጠመንጃው ሰደደ።

«ምንድን ነው እሱ?» አሉ እናትየው።

ወደ ሽማግሌው ዞሩ።

«ቦክስ የምትሉት ምንድን ነው? ልጄን በምን ነው የመታው? መሣሪያ ነው?»

«ጡጫ ነው፣ እህቴ» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው። «ከተሜ እንዲያ ይለዋል።»

«ጡጫ» አሉ። እጃቸውን ጨብጠው አዩት። እንደማያውቁት ነገር አገላብጠው አዩት። ከዚያ ዱላቸውን ጥለው ተነሡና ወደ ወንድሜ ሄዱ። «ቀና በል» አሉት። ቀና አለ። ባላቸው ጉልበት ፊቱ ላይ መቱት። የጣታቸው ቀለበት ከንፈሩን ሰነጠቀው።

«ይኸው መታሁህ። ሞትህ?»

«አልሞትሁም፣ እመይቴ።»

እንደገና መቱት። «ሞትህ?»

«አልሞትሁም።»

«የኔ ልጅ ግን ሞተ» አሉ። ድምፃቸው አልጨመረም፣ አልቀነሰም። «ምን ብሎ ሰደበህ?»

ወንድሜ አቀረቀረ። «የሴት ልጅ አለኝ።»

እናትየው ሳቁ። እንዲህ ያለ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም፤ ልስማም አልፈልግ። «እሱስ የማን ነበር? አባቱን መች ያውቅና! ሁለቱንም እንጨት ለቅሜ ያሳደግሁ እኔ ነኝ። ያ ስድብ መንደር ውስጥ እሱ ሲሰደብበት ያደገው ነው። ያለውን ነው የሰጠህ።»

ወንድሜ ግንባሩን መሬት ላይ ደፋ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ድንጋዩ አብሮ ይንቀጠቀጣል። «ገደልሁት» አለ። «እኔ ነኝ የገደልሁት። ድንጋዩ አይደለም። ሳያየኝ ሊሄድ ነበር... አይ፣ እኔ ልሄድ ነበር፣ ተመልሼ ገደልሁት። ማሩኝ፣ እመይቴ። ልጅዎን ገደልሁት።» ያን ሁሉ ዓመት አንድም ቀን ከአፉ ያልሰማሁት ቃል ነው። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ አላለኝም።

«ሰማሁት» አሉ እናትየውና ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

ሽማግሌው ለሟች ወንድም፣ «እንግዲህ ድንጋዩን አንሣለት» አሉት። ድንጋዩን ከገዳይ ማጅራት የሚያነሣው የሟች ደም መላሽ ነው፤ ካነሣ ምሬአለሁ ማለቱ ነው። ጠመንጃውን ወደ ጀርባው አዙሮ መጣ። ድንጋዩን አነሣ። ወንድሜ እንደ ተደፋ ነው፤ እጆቹን ከድንጋዩ ለቆ መሬት ላይ ዘርግቷል። ሰውዬው ድንጋዩን ወደ ጎን መጣል ነበረበት። አልጣለም። ወደ ላይ ከፍ አደረገው። የወንድሜ ማጅራት ከሥሩ ራቁቱን ነው።  «ጣለው» አሉ ሽማግሌው። «ጣለው ልጄ።»

ጣለው። የወንድሜ ቀኝ እጅ ላይ።

አጥንቱ ሲደቅ ከተቀመጥሁበት ሰማሁት። ወንድሜ እንደ በሬ አጓራ። እኔ እንዴት እንደ ተነሣሁ አላውቅም፤ ሳውቅ የሰውዬው ጉሮሮ በእጄ ነው፣ ጥፍሬ አንገቱ ላይ ገብቷል፣ ሻሼ ወድቋል። ያን ጊዜ ጠመንጃው እጄ ቢገባ ኖሮ ይኸን ዛሬ የምጽፍላችሁ ከወህኒ ቤት ነበር። የእኛ ጎረምሶች ተነሡ፣ የእነሱም ተነሡ፣ ዱላው ተመዘዘ፣ አንድ ቦታ ከሽማግሌ የተደበቀ ጠመንጃ ሲቀባበል ተሰማ። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ከላያቸው ገፈው መሃል ወረወሩና፣ «ይኸን የተሻገረ የተገዘተ ይሁን! የተገዘተ!» እያሉ ጮኹ።

«ቁጭ በሉ!» አለ ወንድሜ ከመሬት። ፊቱ አመድ መስሏል። «እጄ ነው! ራሴን ማለት ይችል ነበር፣ እጄን ነው ያለኝ። እታለም፣ ልቀቂው።»

አለቀቅሁም። ሁለት ሰዎች ጣቶቼን አንድ በአንድ ከአንገቱ አላቀቁኝ። ሰውዬው አልተከላከለም፤ ቆሞ ያለቅሳል። ልጅ ይመስል ነበር፤ ሳየው ይብስ ተናደድሁ። የወንድሜን እጅ በነጠላዬ ጠቀለልሁ፤ ነጠላው ወዲያው ቀላ። «መኪና አምጡ! ሐኪም ቤት ይሂድ!» ብዬ ጮኽሁ።

«ሳይበላ አይሄድም» አሉ ሽማግሌው።

«አያ፣ አብደዋል?»

«ልጄ፣ ስሚኝ። ደም የሚደርቀው ከአንድ ገበታ ሲቆረስ ነው። ሳይበሉ ከተለያዩ የተባለው ሁሉ ከንቱ ነው፤ ጎንደር ሳትደርሱ አንዱ ዘመድ ከመንገድ ይጠብቀዋል። ደሙን ይዞ ይብላ፣ ከዚያ ይሂድ።»

ገበታው መጣ፤ እንጀራ በበግ ወጥ ነው። በሁለቱ ወገን መሃል ተቀመጠ። የእጅ ውሃ ተፈሰሰ። ወንድሜ በነጠላ የተጠቀለለውን ቀኝ እጁን አየ። ግራውን ዘረጋ። ከእነሱ በኩል አንድ ሽማግሌ፣ «በግራ እጅ እርቅ አይበላም» አለ። ወዲያው ጉምጉምታ ተነሣ፤ አይሆንም የሚል፣ ይሁን የሚል፣ ለሌላ ቀን ይደር የሚል። ለሌላ ቀን ይደር ማለት ወንድሜ ይሙት ማለት ነው። 

እናትየው እጃቸውን ለውሃ ዘረጉ። ታጠቡ። ቀስ ብለው መጥተው ወንድሜ ፊት ቁጭ አሉ፣ እንጀራ ቆረሱ፣ ወጥ አጣቀሱ፣ ጠቀለሉ። «አፍህን ክፈት» አሉት። ከፈተ። ራሳቸው የሰነጠቁትን ከንፈር አልፈው አጎረሱት። እንባውን፣ ደሙንና እንጀራውን አንድ ላይ አኘከ።

ሽማግሌው ፊታቸው በራ። «ድገሚው፣ እህቴ። አንድ ጉርሻ ያጣላል።»

«የኔን ድርሻ አጉርሻለሁ» አሉ እናትየው። «ሁለተኛው የኔ አይደለም።» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንተ፣ ና።»

አልመጣም።

«ና አልሁህ! እጁን የነሣኸው አንተ ነህ። እንግዲህ አብላው።»

ሰውዬው ወደ ገበታው መጣ። ከዚያ ጠመንጃውን ከጀርባው አውልቆ ለሽማግሌው ሰጠ። እጁን ታጠበ፤ አንገቱ ላይ የኔ ጥፍር የተወው ደም ይወርዳል። ተንበረከከ። ትልቅ ጉርሻ ጠቀለለ፤ ግማሹ ጉልበቱ ላይ ፈሰሰ። ወንድሜ አፉን ከፈተ። የሰውዬው ጣቶች እስከ አንጓቸው ጥርሶቹ መሃል ገቡ። እኔ ጥርሶቹን ነበር የማይ። ቢነክሰው እወድ ነበር። እግዜር ይየኝ፣ እስከ አጥንቱ ቢነክሰው እወድ ነበር።

ወንድሜ ጣቶቹ እስኪወጡ ድረስ አፉን ከፍቶ ጠበቀ። ከዚያ አኘከ፣ ዋጠ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» አለው።